ጸሎቷ የቀዘቀዘባት መምህርት ማስተማር ታቁም?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። እኅታችን በሐዋሳ በአንድ አጥቢያ ሰንበት ትምህርት ቤት ከ9 እስከ 12 ዓመት የሆናቸውን 42 ሕፃናት ታስተምራለች። ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። በሥራ ቀን ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። «ትምህርቱን በደንብ እዘጋጃለሁ፤ ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ የምገልጠው ለማስተማር ብቻ ሆኗል። ጸሎቴ ደርቋል። በልጆቹ ላይ ቶሎ እቆጣለሁ። ባለፈው እሑድ አንዱን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ጮኼበት አለቀሰ። ሕይወቴ እስኪስተካከል አገልግሎቱን ልተወው? ወይስ የግል ጸሎቴና ክፍል ውስጥ ያለው ጠባዬ አይገናኙም?» ትላለች።

ምላሽ

እኅቴ፣ ይገናኛሉ። አገልግሎቱን ግን አሁን አትተዪ። አትተዪ የምልሽ ነገሩ ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ መተው የሚገባበት ጊዜም ስላለ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዕዝራ 7፥10 ላይ ስለ ጸሐፊው ዕዝራ ሦስት ነገር በተራ ተነግሯል፤ የእግዚአብሔርን ሕግ ሊፈልግ፣ ሊያደርገው፣ ለእስራኤልም ሊያስተምር ልቡን አዘጋጀ። መፈለግ፣ ማድረግ፣ ማስተማር። አንቺ የመጀመሪያውን ትሠሪያለሽ፤ ሦስተኛውንም ትሠሪያለሽ። የጎደለው መካከለኛው ነው። ቃሉ ከመጽሐፉ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ማስታወሻ ደብተርሽ ይሄዳል፣ ከደብተሩ ወደ ልጆቹ። በአንቺ በኩል ሳያልፍ ያልፋል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሲሆን የምትናገሪው እየበዛ፣ የተናገርሽው አንቺን የሚነካበት ቦታ እየጠበበ ይመጣል። ድርቀቱ ከሌላ ቦታ የመጣ አይመስለኝም።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። ሐዋሳ ላይ ደብረ ታቦርን ማስተማር ደስ ይላል፤ ልጆቹ ታቦር የሚባል ተራራ ከከተማቸው ዳር ያውቃሉ፤ ግማሾቹ ወጥተውበታል። የቅዱሱ ታቦር በገሊላ እንደሆነ ትነግሪያቸዋለሽ፤ ነሐሴ 13ን፣ ሦስቱን ደቀ መዛሙርት፣ ሙሴንና ኤልያስን፣ የጴጥሮስን «ሦስት ዳስ እንሥራ» ታስተምሪያለሽ። ለትምህርት ብቻ ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ይጨርሳል፤ ሁሉም ነገር ተሟልቷልና። ለራሱ ያነበበ ሰው ግን ማቴዎስ 17፥6 እና 7 ላይ ይቆማል። ደቀ መዛሙርቱ ድምፁን ሰምተው በፊታቸው ወደቁ፤ እጅግም ፈሩ። ጌታ ግን ቀርቦ ዳሰሳቸውና «ተነሡ፣ አትፍሩ» አላቸው። ስለፈሩ አልገሠጻቸውም። ከሩቅ ሆኖም አልጠራቸውም። ይህችን መስመር ማክሰኞ ሌሊት ለራሷ ያነበበች፣ እኔንም ብዙ ጊዜ እንዲህ አንሥቶኛል ብላ የጸለየች መምህርት፣ እሑድ ዕለት የፈራ ልጅ ስታይ እጇ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አይነግራትም። ትምህርቱ ከሁለቱም አፍ ሲወጣ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ልጁ ዘንድ የሚደርሰው ግን የተለያየ ነው።

ስለዚህ የመምህር ውስጣዊ ሕይወት በዋናው ትምህርት ላይ ብዙም አይታይም። ልምድ ያለው ሰው ደርቆም ቢሆን 40 ደቂቃ ጥሩ አድርጎ ያስተምራል፤ ሰዉም «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ይለዋል። የሚታየው በመካከል ባሉት ትንንሽ ክፍተቶች ነው። አንድ ልጅ ያላሰብሽውን ጥያቄ ሲጠይቅ። ጎን ያለው ክፍል በእልልታ ሲደምቅና ያንቺ ልጆች ወደዚያ ሲያንጋጥጡ። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ድንገት ገብቶ ከኋላ ሲቀመጥ። ቤቱ ሲዳምኛ የሚናገር ልጅ አማርኛው አጥሮት መልሱን እያወቀ ሲንተባተብና ሌሎቹ ሲስቁ። በእነዚህ ቦታዎች ለማሰብ ጊዜ የለም፤ ከአፍ የሚወጣው አስቀድሞ ውስጥ የተጠራቀመው ነው። «በልብ ሞልቶ ከተረፈው አፍ ይናገራል» የተባለው በተለይ ለእንዲህ ያለው ቅጽበት ይሠራል።

ለዚህም ነው «ከእንግዲህ አልቆጣም» የሚል ውሳኔ የማይጸናው። እሑድን እሑድ ላይ ማስተካከል አይቻልም። ሥራው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው።

ወደ ጸሎቱ ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ነገር እናጥራ። ቁጣ ሁሉ ከነፍስ አይመጣም። ሌሊት ተነሥተሽ ቅዳሴ ታስቀድሻለሽ፤ ለቁርባን የሚቀርብ ሰው 18 ሰዓት ይጾማል፤ ምናልባት ቅዳሜን በሥራ ውለሻል። ከዚያ ቅዳሴው እንዳለቀ፣ እህል ሳትቀምሺ፣ እነሱም ሳይቀምሱ፣ 42 ሕፃናት ፊት ትቆሚያለሽ። የተራበ ልጅ ይቁነጠነጣል፤ የተራበ መምህር ይነጫነጫል። ይህን ወስዶ «መንፈሳዊ ውድቀት ነው» ማለት ራስን ያለ ጥፋት መክሰስ ነው፤ መድኃኒቱንም ያሳስታል። ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ ትምህርቱ ከቅዳሴ በኋላ 30 ደቂቃ ዘግይቶ ቢጀመር፣ ለልጆቹም ዳቦና ውኃ ቢዘጋጅ፣ የቁጣሽ ግማሽ ሊጠፋ ይችላል። የቀረው ግማሽ እርሱ የውስጥ ነው።

የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ለሦስት እሑድ ከክፍል እንደወጣሽ 5 ደቂቃ ተቀምጠሽ ጻፊ። አራት ነገር ብቻ፦ ምን ሆነ፣ ከመናገሬ በፊት ምን ተሰማኝ፣ ምን አልሁ፣ የልጁ ፊት ምን ሆነ። የልጅ ስም አትጻፊ፤ ደብተር ይጠፋል፣ ሰው እጅ ይገባል። ከአራቱ ዋናው ሁለተኛው ነው። «ተናደድሁ» ብለሽ አትለፊው፤ ከንዴቱ በፊት የነበረውን ፈልጊ። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ይገኛል፦ ድካም፣ «ናቁኝ» የሚል ስሜት፣ ወይም ሰው እያየኝ ነው የሚል ፍርሃት። ድካም ከሆነ እንቅልፍና ምግብ ነው። «ናቁኝ» ከሆነ ወይም የሚያዩኝ ሰዎች የሚያሳስቡኝ ከሆነ፣ ስሙ ከንቱ ውዳሴ ነው፤ ለንስሐ አባት የሚነገር ነው።

አሁን ወደ ሳምንቱ። ሥርዓተ ጸሎትሽን ትንሽ አድርጊው። ቤተ ክርስቲያን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፤ ነግህ፣ 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ 9 ሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ሁሉንም ዛሬ ልጀምር ብትዪ ሁለት ሳምንት አትቆዪም። በፈረቃ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሰዓት ላይ የተንጠለጠለ ሥርዓት ፈረቃው በተቀየረ ቁጥር ይፈርስበታል። ስለዚህ ሰዓት ላይ ሳይሆን ድርጊት ላይ እሰሪው፤ ጠዋትም ይሁን ቀትር፣ ከእንቅልፍ እንደተነሣሽ፣ ስልክ ከመንካትሽ በፊት። መጠኑም ክፉ በሆነው ቀንሽ ልትፈጽሚው የምትችይው ይሁን። ለምሳሌ አቡነ ዘበሰማያት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያምና ሁለት መዝሙረ ዳዊት፤ ሳትቸኩዪ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ከመተኛትሽ በፊት አንድ መዝሙርና አጭር ኑዛዜ ለራስሽ። ወደ ሥራ ስትሄጂ ሰርቪስ ውስጥ በቃልሽ የምታውቂውን መዝሙር ድገሚ። ይህን ለንስሐ አባትሽ አሳይተሽ እርሳቸው ይቀንሱት ወይም ይጨምሩበት። ራስ በራስ የወጣ ሥርዓት ራስ በራስ ይሻራል።

እዚህ ላይ ብዙ አገልጋዮች የሚወድቁበትን መንገድ ልንገርሽ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ትልቅ ሥርዓት ይዘው ይነሣሉ፤ ሙሉ ዳዊት፣ ሌሊት ስግደት። ለ55 ቀን ይተጋሉ። ከፋሲካ በኋላ ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቆማል፤ ትንሹም ሥርዓት አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ኀፍረት ይመጣል። የዚህ ኀፍረት ጠባይ አስገራሚ ነው፤ በራሱ ላይ የወደቀ መምህር ወይ ሁሉን ቸል ይላል፣ ወይም ራሱ ያልቻለውን ከልጆች በኃይል ይጠይቃል። ጸሎት ያስታጎለ መምህር ነው ብዙ ጊዜ «ለምን አትጸልዩም!» ብሎ የሚጮኸው። ድምፅሽ ከፍ ያለበትን ርእስ ተመልከቺ፤ ያንቺ ቁስል እዚያ አካባቢ ሳይሆን አይቀርም።

ንባብሽን ለሁለት ክፈይው። ለክፍል የምትዘጋጂበት ሌላ ቀን፣ ሌላ መጽሐፍ ይሁን፤ ቅዳሜ ማታ አይሁን እንጂ ሐሙስ ይበቃል። ለራስሽ የምታነቢው ከዚያ የተለየ ይሁን፤ ልጆቹ የሐዋርያት ሥራን እየተማሩ ከሆነ አንቺ ምሳሌን ወይም የዮሐንስን ወንጌል አንብቢ። 15 ደቂቃ፣ ያለ እስክሪብቶ። እስክሪብቶ ከያዝሽ እጅሽ ትምህርት መልቀም ይጀምራል። «ይህቺ ለልጆቹ ትሆናለች» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ሁልጊዜ ይመጣል። አትጣዪው፤ ግን አታሳድጂው፤ ወደ ጥቅሱ ተመለሽና «ይህ ለእኔ ምን ይላል፣ ዛሬ ምን አድርጊ ይለኛል» በዪ። እውነተኛ ከሆነች ከሳምንት በኋላ ሳትጠሪያት ትመጣለች፤ ያን ጊዜ አስተምሪባት።

ከሁሉ ይልቅ ጠባይሽን የሚለውጠው ግን ይህ የሚቀጥለው ይመስለኛል። የልጆቹን ስም ዝርዝር ውሰጂ። 42 ናቸው፤ በቀን 6 ልጅ በስሙ ብትጸልዪ በ7 ቀን ሁሉም ይዳረሳሉ። የክርስትና ስማቸውን አብረሽ ጻፊ። ለያንዳንዱ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ ረጅም አታድርጊው፣ ከረዘመ ትተዪዋለሽ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ታገኛለሽ፦ ከ42ቱ ስለ ብዙዎቹ የምትጸልዪው ነገር የለሽም። ስማቸውን እንጂ ሕይወታቸውን አታውቂም። እናቱ ታማ እንደሆነ፣ ትምህርት ቤት እየደከመ እንደሆነ፣ ከአያቱ ጋር እንደሚኖር አታውቂም። ስለዚህ እሑድ ትጠይቂያለሽ። የጠየቅሽው ልጅ መልክ ያለው ሰው ይሆናል፤ የሚቁነጠነጠው ለምን እንደሚቁነጠነጥ ታውቂያለሽ። በጣም የሚያስቸግርሽን ልጅ በሰኞዎቹ 6 ውስጥ አድርጊው፤ ሳምንቱ ሳይደክምሽ። ስለ እርሱ ስትጸልዪ «ጠባዩን አስተካክልልኝ» አትበዪ፤ ያ ስለ ራስሽ ምቾት መጸለይ ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገውን ለምኚ።

ክፍል ውስጥ ቁጣው ሲነሣ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ንግግርሽን አቁሚ። ዐረፍተ ነገሩ መሀል ላይም ቢሆን። በልብሽ ሦስት ጊዜ «እግዚኦ ተሣሃለነ» በዪ፤ 10 ሰከንድ አይፈጅም፤ ልጆቹ ዝምታውን ያዩታል፣ ብዙ ጊዜ እነሱም ዝም ይላሉ። ከዚያ በእግርሽ ወደ ልጁ ሂጂ። ከፊት ሆኖ ስም መጥራት ሁሉም ወደ እርሱ እንዲዞር ያደርጋል፤ በዚያ ቅጽበት ጥፋቱ ይረሳና ውርደቱ ይቀራል። አጠገቡ ሆነሽ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ብቻ በዪው። የቀረውን ከክፍል በኋላ። ቁንጥጫና ኩርኩም፣ አርጩሜም፣ በጭራሽ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሌሎች ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ከሕጉም በፊት ያዕቆብ 1፥20 አለ፤ የሰው ቁጣ የእግዚአብሔርን ጽድቅ አይሠራም። ተግሣጽ አያስፈልግም እያልሁ አይደለም። ኤፌሶን 6፥4 ተግሣጽንና «አታስቆጧቸው» የሚለውን አንድ ላይ ነው ያስቀመጠው።

መልሱን የማታውቂው ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ «አላውቅም፤ ጠይቄ እሑድ እነግርሃለሁ» በዪ። የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ከየኔታ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ከትምህርቱ ጋር ይህንንም ይማራል፤ የኔታ በጠባያቸው ሲፈተኑ፣ ሲጾሙ፣ ሲታመሙ ያያል። ያንቺ ልጆች የሚያዩሽ በሳምንት አንድ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ በዚያች ሰዓት ውስጥ እውነተኛ መሆንሽ ይበልጥ ይመዝናል። ቃል የገባሽውን መልስ ግን የግድ ይዘሽ ተመለሺ። ሁለት ጊዜ ካላመጣሽ መጠየቅ ያቆማሉ።

ሌላም ሳልጠይቅሽ የማላልፈው አለ። ትቆርቢያለሽ? ያንቺ ልጆች ብዙዎቹ በየሳምንቱ ይቆርባሉ። ማን እንደሚቀርብና ማን ከኋላ እንደሚቆም ያያሉ። ስለ ሥጋ ወደሙ ሦስት ዓመት ያስተማረቻቸው መምህርት ስትቀርብ አይተው የማያውቁ ከሆነ፣ ቁርባን የሕፃናትና የሽማግሌዎች ነው የሚለውን ከአንቺ ይማራሉ፤ በቃልሽ ተቃራኒውን ብትነግሪያቸውም። ወደ ንስሐ አባትሽ ስትሄጂ «ቀዝቅዣለሁ» ብለሽ አትመለሺ፤ ይህ ለመምከርም አይመችም። ይህን ያህል ጊዜ ጸሎት አስታጉያለሁ፣ አንድ ሕፃን በጓደኞቹ ፊት አዋርጃለሁ፣ ሌላ መምህር ሲመሰገን ከፍቶኛል፣ እንዲህ ተናገሪ። ቀኖናውን ከፈጸምሽ በኋላ ቅረቢ።

አሁን ወደ መተዉ ጉዳይ። ጸሎት ሲደርቅ ማገልገል ግብዝነት አይደለም። ግብዝነት ድርቀቱን ሸሽጎ ያልሆኑትን መስሎ መታየት ነው። የምታስተምሪው ቃል እውነትነቱ ባንቺ ሙቀት ላይ አልተመሠረተም፤ ጌታ ስለ ጻፎችና ፈሪሳውያን ሲናገርም የሚሉትን አድርጉ፣ ሥራቸውን ግን አትከተሉ ነው ያለው። ስለዚህ ቃሉን አትፍሪ፤ ሥራሽን ፍሪ። ድካም ብቻ ከሆነ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ረዳት ሁኚ፤ ሌላ ሰው ያስተምር፣ አንቺ ከልጆቹ ጋር ተቀመጪ፣ መዝሙር አስጠኚ፣ ስም ጥሪ። ይህ ከክፍሉ ሳይለይሽ ያሳርፍሻል። ጨርሶ መተው የሚገባው ንስሐ አባት «ቆይ» ያሉት ከባድ ኃጢአት ሲኖር፣ ወይም ቁጣው በተደጋጋሚ እጅ እስከ ማንሣት ሲደርስ ነው። ሕፃን ላይ የደረሰ ጉዳት ካለ ደግሞ ጉዳዩ በኑዛዜ ብቻ አያልቅም፤ ወላጅና የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ማወቅ አለባቸው፤ ጥቃት ከሆነም ለሕግ ይቀርባል። በአባትነትና በ«እንሸፋፍነው» መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ መምታታት የለበትም።

ለውጡን በስሜትሽ አትለኪው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጸሎቱ እንደደረቀ ሊቀጥል ይችላል፤ ክፍል ውስጥ ግን አስቀድሞ ይታያል። ምልክቱ ልጆቹ ዝም ማለታቸው አይደለም፤ የፈራ ክፍልም ዝም ይላል። ምልክቱ የሚጠይቁት መብዛታቸው፣ የተሳሳተ መልስ ለመመለስ አለመፍራታቸው፣ ትምህርት ካለቀ በኋላ ሁለት ሦስቱ ወዲያው አለመሄዳቸው ነው።

የቀረው ባለፈው እሑድ ያስለቀስሽው ልጅ ነው። ሦስት ሳምንት እስኪሞላ፣ ሥርዓተ ጸሎትሽ እስኪጸና አትጠብቂ። ጥፋቱ የተፈጸመው በሁሉም ፊት ስለሆነ ይቅርታውም በሁሉም ፊት ይሁን፤ ነገር ግን አስቀድመሽ በር ላይ ለብቻው አግኚውና «ዛሬ በጓደኞችህ ፊት ይቅርታ ልጠይቅህ ነው፣ ይከብድሃል?» በዪው። ከከበደው ለብቻው ጠይቂው፤ ለክፍሉ ደግሞ ስሙን ሳትጠሪ «ባለፈው እሑድ የተናገርሁት ልክ አልነበረም» ብለሽ ተናገሪ። ከፈቀደ ከትምህርቱ በፊት፣ ቆመሽ፦ «ባለፈው እሑድ ጮኼብሃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በለኝ።» በቃ። «አንተም ግን» አትበዪ፤ ከ«ግን» በኋላ የሚመጣው ይቅርታውን ይበላዋል። አታልቅሺ፤ ካለቀስሽ ልጁ አንቺን ማጽናናት ይጀምራል፤ ያ የእርሱ ሥራ አይደለም። ይቅር ካለሽ አመስግኚው። ዝም ካለም አትጎትጉቺው፤ ጊዜ ስጪውና ወደ ትምህርትሽ ግቢ።